ከሱ ቤት በላይ

ያን ቀን የራሴን ቤት ላሳጥብ ወጥቼ የሰው ቤት አሳጥቤ ተመለስኩ። ሒሳቡን አስቀድሜ ከፍዬ፣ አቅጣጫውን በአገጬ አሳይቼ፣ ትእዛዙን በገዛ አፌ ሰጥቼ ነው። ማንም አላታለለኝም። በዚህ ዕድሜዬ የሚያታልለኝ ሰው እየጠፋ ስለመጣ ሥራውን ራሴ ይዤዋለሁ።

ስሕተቱ የአንዲት ቃል ነው። ቃሏን ያስወጣችኝ ደግሞ ቅናት ናት፤ ስለዚህ ከቅናቱ ልጀምር።

ቤቴ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ዳርቻ ወደ ገበያው በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ፀሐይ የምትገባው ከቤቴ ጀርባ ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የፊት ግድግዳዬ ጥላ ይጥላል። የዚህን አገር ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌላው ቤት እንደ ምጣድ ሲግል የኔ ደጅ ሰው ይሰበስባል። በግድግዳው ሥር ረጅም አግዳሚ አለች፣ ዳማ አለ፣ ወሬ አለ። ጡረታ የወጣው መምህር ይመጣል። ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቴ የሚኖረው ሐጂ ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ይመጣል። በመንገዱ የሚያልፈውም አረፍ ይላል። እኔ አርባ ዓመት ግድም መኪና ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሹፌር ነው የሚለኝ። መሪውን ከተረከቡኝ በኋላ የቀረችኝ ሹመት የዚያች አግዳሚ ጌትነት ነበረች። ማን ከማን ቀጥሎ ዳማ እንደሚጫወት የምወስነው እኔ ነኝ። ማን መሃል እንደሚቀመጥም የምወስነው እኔ ነኝ።

አንድ እንከን ነበረን። ግድግዳዬ ያትማል።

ክረምቱ እዚህ ሲዘንብ ዘንቦ የሚተው አይመስልም። ግድግዳው መጀመሪያ ይረጥባል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ያበቅላል፣ በጋው ሲገባ አረንጓዴው ደርቆ ይጠቁርና አቧራው ይለጠፍበታል። በላዩ ምስጥ የጭቃ መንገዱን ይሠራበታል። ማታ አምፑሉን ከቦ የሚውለበለበው ነፍሳት ሁሉ የሚሞተውም እዚያው ላይ ነው። እና በዚህ ሙቀት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይደገፋል። የተደገፈ ሁሉ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ማኅተም ይዞ ይነሳል። የመምህሩ ሚስት ባሏ የት እንደዋለ ጠይቃው አታውቅም፤ ዞር በል ብላ ታነባለች። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ በማኅተሙ እኮራበት ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የኔን ግድግዳ ጀርባው ላይ ይዞ ሲዞር እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ቤቱን አሳጠበ።

ለኢድ ነው። ቀለም ሊያስቀባ አስቦ ነበር፣ ዋጋውን ሲሰማ ተወው፣ አንዱ ልጁ ደግሞ ባጃጁን የምታጥብለትን ባለላቫጆ ይዞለት መጣ። ከወንዙ አጠገብ የመኪና ማጠቢያ ያላት ጠንካራ ሴት ናት። ማሽኗንና የውሃ ሮቶዋን በጋሪ አስጎትታ መጣች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ በመስኮቴ መጋረጃ ሥር ሆኜ አያለሁ። ውሃው የነካው ቦታ ሁሉ እንደ ልጣጭ ተገፍፎ ይወርዳል። ጥቁሩ ፈስሶ መንገዱን ሞላው። ከሥሩ የወጣው ክሬም ቀለም ነው። ቤቱ ክሬም እንደነበር ሐጂ ራሱ ረስቶታል፤ ‹‹ወላሂ የኔ ነው?›› ሲል ሰምቼዋለሁ።

በወጣትነቴ ስቀና ደረቴን ነበር የሚያቃጥለኝ። አሁን ጉልበቴን ነው የያዘኝ። ከመስኮቱ መነሳት አቅቶኝ ባለቤቴ መጥታ አነሳችኝ።

በማግስቱ መምህሩ ለእንኳን አደረሰህ ብሎ ወደ ሐጂ ደጅ ተሻገረና ሳያስበው ግድግዳውን ተደገፈ። ደንግጦ ተነሳ። ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን አየ።

‹‹ንጹሕ ነው›› አለ።

አባባሉ የኔን ዘመን ጨረሰው። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ከጣሪያው ጫፍ እስከ መንገዱ ሸራ ወጥሮ ጥላ ሠራ። በዚያው ቀን መምህሩ ወደኔ መጥቶ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ፣ ‹‹ሹፌር፣ አግዳሚዋን ብንወስዳትስ? እዚያ ወንበር የለም›› አለኝ። ምን ልበለው? ‹‹አይሆንም›› ብል ቀና ሊሉኝ ነው። ‹‹ውሰዷት›› አልኩ። ከባድ ስለሆነች አንዱን ጫፍ ይዤ አሻገርኳት። በዓለም ላይ የገዛ ዙፋኑን ተሸክሞ ለተቀናቃኙ ያደረሰ ንጉሥ ካለ ከኔ ጋር ይተዋወቅ።

ሐጂ በር ላይ ቆሞ፣ ‹‹ግባ ግባ፣ ቤትህ ነው›› አለኝ። ይቺ የኔ ቃል ነበረች። ስንት ዓመት ሙሉ እሱ መንገዱን ሲሻገር እኔ ነበርኩ የምላት። ‹‹ሥራ አለኝ›› ብዬ ተመለስኩ። ሥራ ብዬ የሄድኩት ከግድግዳዬ ሥር በርጩማ ላይ ብቻዬን መቀመጥ ነው። ሬዲዮኔን ከፍ አድርጌ ከፈትኩ፤ ደስታዬ ከመንገዱ ማዶ እንዲሰማ። ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ጮክ ብሎ፣

‹‹ሹፌር፣ ትንሽ ጨምርልን፤ ዜናው እዚህ ጋ አይሰማም።››

ጨመርኩላቸው።

ቀናቱ እንዲህ ሄዱ። ከማዶ ሳቅ ይመጣል፤ እኔ ምን እንዳሳቃቸው ስለማላውቅ በኔ ነው የሳቁት ብዬ እገምታለሁ። ሐጂ ከማቀዝቀዣው ውሃ ያወጣላቸዋል፣ ተምር ያዞራል። በዳማ አንድ ቀን እንኳ አሸንፎኝ የማያውቅ ሰው ግድግዳው ከታጠበ ወዲህ መምህሩን እያከታተለ ይበላው ጀመር። ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ጠንከር አድርጎ ‹‹ቋ!›› ያደርጋታል፣ እኔ ጋ እንድትደርስ። ባለቤቴ አየችኝ አየችኝና፣

‹‹ምናለ ሄደህ አብረህ ብትቀመጥ?›› አለችኝ።

‹‹እኔ የራሴ ግድግዳ አለኝ።››

‹‹ግድግዳው ነው አንተን የያዘህ›› ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ያን ሌሊት ወሰንኩ። የኔም ይታጠባል። እንደ ሐጂ ሳይሆን ከሐጂ አስበልጦ። አግዳሚዋ ትመለሳለች፣ ሰዎቼ ይመለሳሉ፣ ፀሐይዋ እንደሆነች ከድሮም ከኔ ወገን ናት። ግን አንድ ችግር አለ። እኔ አሳጠብኩ ከተባለ ቅናቴ ታጥቦ አደባባይ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። በነጋታው ባለቤቴ ለቅሶ ትሄዳለች። እኔም ከቤት እጠፋለሁ። ባለላቫጆዋ መጥታ አጥባ ትሄዳለች። አመሻሹ ላይ ስመለስ በመንገዱ መሃል ቆሜ እደነግጣለሁ፦ ‹‹ውይ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ! ሳይነግረኝ!›› አዲስ አበባ ያለው ልጄ በስልክ አዝዞ ያሳጠበልኝ አስመስላለሁ። ልጄ እንኳን ግድግዳዬን ሊያሳጥብ ደውሎም አያውቅ፤ ግን ሰው ስለ ሰው ልጅ መልካም ሲሰማ አይመረምርም።

በጠዋት ወደ ማጠቢያው ወረድኩ። ሴትየዋ ከአንድ ባጃጅ ሥር ጭቃ ታስለቅቃለች። ገና አፌን ስከፍት ማን ከጎኗ ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሐጂ። የሱቁን ዕቃ ማመላለሻ መኪና ለማሳጠብ መጥቶ ተራ ይጠብቃል።

‹‹ሹፌር፣ ምን ልታሳጥብ መጣህ? መኪና የለህ›› አለኝ።

‹‹ነፋስ ልቀበል።››

‹‹ነፋሱ ከዚህ ማሽን ነው የሚወጣው?››

ፈቀቅ እስኪል ጠበቅኩ። ስልክ ተደወለለትና ዞር አለ። ወደ ሴትየዋ ጆሮ ጎንበስ አልኩ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ድምፄን ከፍ ባደርግ ሐጂ ይሰማል፣ ዝቅ ባደርግ እሷ አትሰማም። በዚህ ላይ አማርኛ ለሷ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። አንቱታ የሚባለውን ነገር ተወት አድርጋ፣ ‹‹አባባ›› የምትለዋን ጨምራ፣ ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ ነው የምትናገረው። እኔ ይሄን እወድላታለሁ፤ ከክብሩ ‹‹አባባ››ን ሰጥታኝ ከዕድሜው ደግሞ በ‹‹አንተ›› ትቀንስልኛለች።

‹‹የሐጂን ቤት ያጠብሽው አንቺ ነሽ አይደል?›› አልኳት።

‹‹እኔ ነኝ አባባ።››

‹‹እንግዲያው ዛሬ ከሱ ቤት በላይ እጠቢልኝ።››

‹‹በላይ?››

‹‹በላይ።››

ሐጂ ስልኩን ጨርሶ ወደኛ ሲዞር አየሁትና ነገሩን ለማሳጠር አገጬን ወደ መንገዱ ላይኛው ጫፍ ቀና አደረግኩ። እሷም ቀና ብላ አየች። ‹‹እሺ አባባ፤ ገባኝ›› አለች። እኔም ገባት ብዬ ሒሳቧን እጇ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ኋላዬ አጣምሬ፣ ነፋስ እንደሚቀበል ሰው ሄድኩ። የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኳት። ቤቴን የማያውቅ ሰው ጋምቤላ ውስጥ አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ቀኑን በወንዙ ዳር አሳለፍኩ። ድሮ የሱዳን መርከብ ይቆምበት ከነበረው ቦታ አጠገብ አንድ ጥላ አገኘሁ። ከታች ሰው ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ጀልባ ይታጠባል። ያልታጠብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ድንጋጤዬን እዚያው ተለማመድኩ። እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ሞከርኩት፣ በዛ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ይሻላል። ‹‹ይሄ ልጅ ደግሞ!›› የምለውን አንዴ ቆጣ ብዬ፣ አንዴ ለስለስ ብዬ አልኩት። ከበታቼ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ፣ ከዚያ ሳፋዋን አንስታ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ስለ ሐጂ ፊትም ብዙ አሰብኩ። ከሸራው ሥር ብቻውን ተቀምጦ፣ ሰዎቹ አግዳሚዬን ወደኔ ሲያሻግሩ ሲያይ። ‹‹ግባ ግባ፣ ቤትህ ነው›› ስለው። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን በሰው ሐዘን የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ሐዘኑ ገና አለመድረሱ ደግሞ የበለጠ አጣፈጠው።

ጥላው ሲረዝም ተነስቼ ሽቅብ ወጣሁ። ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ ይታየኛል። ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ግን ሰው የተሰበሰበው ከኔ ቤት አልፎ ነው። ቤቴን አየሁት። እንደ ጠዋቱ ጥቁር ነው። እስከ ምስጡ መንገድ ድረስ አለ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሴትየዋ ገንዘቤን ይዛ ጠፋች ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት ዓይኔ ነው። ሦስተኛውን ለማሰብ ሳልደርስ ሐጂን አየሁት።

እንዳሰብኩት ከሸራው ሥር ብቻውን ነው። እንዳሰብኩት አግዳሚዋ ሄዳለች። ፊቱም እንዳሰብኩት ነው፤ ያንን ፊት ከሰሞኑ በመስታወቴ ስለማየው አልጠፋኝም። እኔ ጋ አለመምጣታቸው ብቻ ነው ያልገባኝ።

‹‹አግዳሚዋስ?›› አልኩት።

‹‹ወደ ላይ ወጣች። ሚስጥረኛ ነህ ሹፌር።››

‹‹ምን አደረግኩ?››

‹‹ለሲስተር ቤት እንዲህ ስታስብ ኖረህ ለኔ ሳትነግረኝ። ከፋዩ አንተ መሆንህን ባለላቫጆዋ ናት የነገረችን።››

ሲስተር የምትባለው ከሐጂ ቤት ቀጥላ፣ ከሱ በላይ የምትኖረው ጡረተኛ አዋላጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጆቿ ድንበር ማዶ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነው የሚኖሩት። የዚህ ሰፈር ግማሹ ሕዝብ መጀመሪያ ያየው የሷን እጅ ነው። ከሱ በላይ። ያቺ ቃል እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸች። ከሱ ቤት በላይ እጠቢልኝ አልኳት፤ ከሱ ቤት በላይ ያለውን አጠበችልኝ። አገጬም መስክሮባታል።

ሐጂ አልጨረሰም።

‹‹እኔ የግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ›› አለኝ። ‹‹የኔን ሳሳጥብ ማሽኑ እዚሁ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። የጎረቤት ሐቅ የኔ ነበር፣ ሰደቃው የኔ ነበር። አንተ ከመንገድ ማዶ ተሻግረህ ከአፌ ነጠቅከኝ።››

ሰውዬው ከልቡ ነው የሚናገረው። ቤቱ ያስቀናኝ ሰው በመልካም ሥራዬ ቀንቶ ዓይኑ ቀላ። መልካም ሥራው የኔ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ወደ ላይ ወጣሁ። የሲስተር ቤት ሰማያዊ ነው። እስከዚያ ቀን ሰማያዊ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሯ ላይ ትልቅ ኒም ዛፍ አለ፤ መሬቱ ረጥቦ ቀዝቅዟል፣ ከቅጠሉ አሁንም ውሃ ይንጠባጠባል። ሰው ሁሉ ረጥቧል። ለካ በዚያ ሙቀት ማሽኑ ሲነሳ ሰፈሩ ተጠራርቶ መጥቶ፣ ከግድግዳው የሚመለሰውን የውሃ ብናኝ እጁን ዘርግቶ ሲቀበል ነው የዋለው። መምህሩ በአግዳሚዬ ላይ ዘና ብሎ፣ ሰማያዊውን ግድግዳ ተደግፎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ተቀምጧል።

‹‹ሹፌር፣ ይቅር በለን›› አለኝ። ‹‹እኛ በቅናት ያኮረፍከን መስሎን ነበር።››

‹‹በቅናት? እኔ?››

‹‹እኮ! ተሳስተናል።››

ባለላቫጆዋ የውሃ ጎማዋን ትጠቀልላለች። ቀና ብላ፣ ‹‹አባባ፣ በላይ ነው አይደለም?›› አለችኝ። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አለ። ከሲስተር ቤት እስከኔ ቤት እየተመላለሰች በዓይኗ ስትለካ ነበር መሰለኝ፤ የኔን ጥቁር ግድግዳ ስታይ አየኋት። እውነቱን ለመናገር የነበረችኝ ጊዜ ያቺ ነበረች። አፌን ከፍቼም ነበር።

ሲስተር ቀደመችኝ። በሁለት እጇ እጄን ያዘች። እጇ እርጥብ ነው፤ ግድግዳውን ስትዳብስ ቆይታለች።

‹‹ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ›› አለች። ‹‹ልጄ በመጣች ቁጥር ከመኪና ወርዳ ለባጃጁ ‹ሰማያዊው ቤት› ትለዋለች። ልጅ ሆና የምታውቀው እንደዚያ ነው። ባጃጁ ሰማያዊ ቤት የለም ይላታል። ሰፈሩን ዞራ ዞራ በእግሯ ነው የምትመጣው። ‹እማ፣ ቤታችን ጠፋ› ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ ልጄ አገሩን እየረሳች ነው ብዬ አዝን ነበር። ለፋሲካ ልጇን ይዛ ትመጣለች።››

ባለላቫጆዋ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች።

‹‹በላይ ነው›› አልኳት። ‹‹ልክ ነሽ።››

‹‹እሺ አባባ። ግን የጓሮው ቀረ። ውሃ አለቀ። ሰው ሁሉ እኔንም እርጪኝ፣ እኔንም እርጪኝ አለ።››

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም የሚል ሰው አሁን ይሄን ሁሉ አይጽፍም። ሐጂ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል፤ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፤ ‹‹የጓሮውን እኔ›› ሊል ነው። ሰማያዊው ቤት እኩሌታው የሱ ሊሆን ነው።

‹‹የጓሮውም በኔ ነው›› አልኩ። ድምፄ ከሞተሩም ይበልጥ ነበር። ‹‹ሲስተር፣ አታስቢ። በኔ ጣይው።››

ሰው አጨበጨበ። ሐጂ አፉን ዘጋ። ያን ሁሉ ቀን ያሰብኩትን ፊት እንደገና አሳየኝ፤ እኔ ግን ላጣጥመው ጊዜ አላገኘሁም፤ ምን ውስጥ እንደገባሁ በማሰብ ተይዤ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከለቅሶ ተመልሳለች። በመንገድ ላይ ነግረዋታል። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ቀጥ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

‹‹ሰማያዊ ያምራል አሉ›› አለችኝ።

‹‹ምኑ?››

‹‹ቤቱ ነዋ። የኔ ግድግዳ ምን በደለህ? ስንት ዓመት ሙሉ ይታጠብ ስልህ ‹ማን ያየዋል› እያልክ፣ የሲስተርን ሄደህ አሳጠብክ። ደግሞ ተደብቀህ። እኔን ለቅሶ ሸኝተህ።››

ሲነገር ነገሩ እንዴት እንደሚመስል ያኔ ታየኝ። ሁለት መንገድ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ወይ በሰባ ዓመቴ ጎረቤት የማሽኮረምም ሰው መሆን፣ ወይ የሆንኩትን መሆን። የመጀመሪያው ያጓጓ ነበር፤ ትንሽም አሰብኩበት። እሷ ግን ነጠላዋን ጠበቅ ስታደርግ አየሁና ሁሉንም ነገርኳት። መጋረጃውን፣ አግዳሚዋን፣ ሬዲዮውን፣ ነፋሱን፣ በላይን፣ አገጬን።

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አገጬን እንዴት እንዳደረግኩ አሳየኝ አለች። አሳየኋት። ደግመህ አለች። ደገምኩ። ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

‹‹አንተ እኮ›› አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ ‹‹ቅናትህ እንኳ ሰፈሩን ይስታል።››

ሳቋ ሲበርድ ግን ጣቷን ቀሰረችብኝ። ‹‹ለሲስተር እንዳትነግራት። ያቺ ሴት የአምስቱንም ልጆቼን እትብት የቆረጠች ናት። የሷ ቤት ከኛ በፊት መታጠብ ነበረበት፣ እኛ ነን ያላየነው። ብትነግራት እዚህ ቤት አትገባም።››

ስለዚህ አልነገርኳትም።

ፋሲካ መጣ፣ ልጅቷም መጣች። ባጃጁ ከታች ሽቅብ ሲመጣ እኛ ኒሙ ሥር ነበርን። ማንንም አልጠየቀም፤ ሰማያዊው በር ላይ ቀጥ አለ። ሲስተር ከወንበሯ የተነሳችበትን ፍጥነት ያየ አዋላጅ ጡረታ አይወጣም ይላል። ልጅቷ ትንሿን ልጇን አቅፋ ወረደችና ቤቱን ቆማ አየችው። ‹‹እማ፣ ቀለም ቀባሽው?›› አለች። ሲስተር ወደኔ አመለከተች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሁለት እጄን ያዘች፣ አመሰገነችኝ። እኔም እንደ ደግ ሰው ሳቅኩ። በወንዙ ዳር የተለማመድኩት ፊት ለዚህ አይሆንም ነበር፤ በድንገት ሌላ ፈጠርኩ።

አግዳሚዋ አልተመለሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው የሚውለው ሲስተር ጋ ነው፤ ኒም ከሸራም ከግድግዳም ጥላ ይበልጣል። ሐጂ ሸራውን አወረደ። እሱም ይመጣል፣ እኔም እመጣለሁ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ ባለ አገር እንደነበሩ ሁለት ስደተኞች ሰላም እንባባላለን። መሃል የምትቀመጠው ሲስተር ናት። ዳማ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚጫወት የምትወስነውም እሷ ናት፤ ከኔ ይልቅ ፍርድ ታውቃለች፤ ይሄ ያበሳጨኛል። ሐጂ ዝም አላለም። በሌላው ሳምንት ግንበኛ አምጥቶ የኒሙን ሥር በድንጋይና በሲሚንቶ ዙሪያውን መቀመጫ አስደረገላት። ቆንጆ አድርጎ ነው የሠራው። ሰው እየተቀመጠበት ‹‹ሐጂ እድሜ ይስጥህ›› ሲል እኔ ዳማው ላይ አቀረቅራለሁ። ያንን መቀመጫ ቀድሜ ባላሰብኩት ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ አስቤው ነበር እኮ፣ አስቤ ነው የተውኩት።

የኔ ግድግዳ እንደ ጠቆረ ነው። እኔ ብቻ ስለምደገፈው አሁን የማኅተሙ ባለቤት አንድ ሰው ነው።

ባለላቫጆዋ ደግሞ ከከተማ ወጥታ አቦቦ ወረደች። በአልዌሮ ግድብ አካባቢ ያለው የሩዝ እርሻ ትራክተሮቹን እንድታጥብ ጠርቷት፣ ማሽኗን ጭና ሄደች። መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ፣ ስትመጣ መጀመሪያ የማንን እንደምታጥብ ወስናልኛለች፤ አገጬን እንዳላንቀሳቅስ፣ እሷ ራሷ እጇን ይዛ የሲስተር ጓሮ ድረስ እንደምታደርሳት ነግራኛለች።

ሲስተር ስለ ጓሮዋ ጠይቃኝ አታውቅም። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ጨዋታው ፋታ ሲሰጠን፣ ‹‹ያቺ የማሽኑ ሴት ደህና ናት?›› ትለኛለች።

‹‹ደህና ናት ሲስተር። ገና አቦቦ ናት።››

‹‹ጌታ ይጠብቃት›› ትላለች፣ ወደ ቤቷ ጀርባ አየት አድርጋ። ሐጂም አብሮ ያያል። አንድ የጓሮ ግድግዳ አለብኝ።